የሳሙናው ካርቶን ሌላ ግማሽ

የበደለችኝ ታይፕ ያስተማርኳት ልጅ ናት። የበደለችኝም መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ባስገባበት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጥላው ራሱ በሚያልብበት ወር ነው። ስሟን አልጠራም። ሰው እንዲያውቃት ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ እሷ ካነበበችው ራሷን ታውቃለች። ልጅቷ እላታለሁ። ያኔም የምላት እንደዚያው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ አልጋዬ ሥር ተጎንብሳ ስትጠርግ አንድ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ጎትታ አወጣች።

«አክስቴ፣ ይሄ ካርቶን ይጣል?»

ላስቲኩን ስትፈታው የልብስ ሳሙና ሽታ ወጣ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሽታው ግን አልሞተም። ለሌላ ሰው የሳሙና ሽታ ንጽሕና ነው፤ እኔን ያቅለሸልሸኛል። «አትጣይው» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። እሷም ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸና ወደዚያ ዞረች። የዘመኑን ልጅ ጥያቄ ስልክ ይበላዋል። ለኔ ግን ተመቸኝ።

ታይፒስት ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሞላኝ አልሞላኝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ እገባና መጀመሪያ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ ወደ ደሴ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ጭስና ከገበያው በኩል የሽንኩርት ሽታ ተያይዘው ይገባሉ። ቀጥዬ የታይፑን ልብስ ገፍፌ፣ ቤንዚን በነካካሁት የጥርስ ብሩሽ ፊደሎቹን እቦርሻለሁ። የ«መ»ና የ«ወ» ሆድ ቀለም ይቋጥራል፤ እሱን በመርፌ ጫፍ አወጣለሁ። ከዚያ ሦስት ወረቀት፣ በመካከላቸው ሁለት ካርቦን፤ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጌ አስገባለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ማንም አያናግረኝም። ደስታዬ ይሄ ነበር።

መሳቢያዬ ውስጥ በመሀረብ የተጠቀለለች ትንሽ ራዲዮ ነበረችኝ። ድንጋይዋ ሲደክም መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስጥቼ እመልስላታለሁ። ድምጿን ዝቅ አድርጌ እከፍታታለሁ፤ ቀኔን የምለካው በእሷ ነበር። ከዜና በፊት ደብዳቤ፣ ከዜና በኋላ ቃለ ጉባኤ፣ የስድስት ሰዓቱ ምልክት ሲሰማ እጄን መታጠብ። ዘፈን ሲመጣ ጣቶቼ ይፈጥናሉ፤ ትረካ ሲመጣ ይዘገያሉ። ረቂቅ ያስገባ ሰው ሁሉ በራዲዮው ተራውን ያውቅ ነበር።

ቁልፍ አላይም። ያስተማሩን ሰውዬ እጃችን ላይ ፎጣ አልብሰው ነበር የሚያጽፉን። «ዓይን ለረቂቁ፣ ጣት ለቁልፉ» ይሉ ነበር። ቁልፍ የምታይ ታይፒስት በኔ ዘንድ ወጡን በጣቷ ቀምሳ፣ ጣቷን ልሳ፣ መልሳ ድስቱ ውስጥ እንደምትከት ሴት ናት።

ልጅቷ መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር፤ ከጀውሃ ነው የመጣችው። በምሳ ሰዓት እየመጣች በሩ ላይ ትቆማለች። «እትዬ፣ ትንሽ ብቻ ልንካው» ትለኛለች። አስነካኋት። ፎጣ አመጣሁ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ይዤ ቦታ ቦታቸው ላይ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ። ቀጫጭን ጣቶች ነበሯት፤ ማንጎ ስለምትወድ ሁልጊዜ ይጣበቃሉ።

«መጀመሪያ ታጠቢ።»

«እሺ እትዬ» ብላ ቀሚሷ ላይ ትጠርጋቸዋለች።

አንድ ቀን ካሜራ አንግቶ በየቢሮው የሚዞር ፎቶ አንሺ መጣና አነሣን። እሷ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ እጇ ፎጣው ሥር ሆኖ፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ። ትስቃለች። እኔም እየሳቅሁ ነው። ዛሬ ሳየው ማን እንደሆንኩ ግራ ይገባኛል።

ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። የብረት በር ያለው ክፍል መዝገብ ቤት ብቻ ስለነበር እዚያ ገባ። ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጠፈ። ሙቀት አይወድም ተብሎ ከኔ ክፍል ማራገቢያው ተነቅሎ ተወሰደለት። ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ ሁለት ትእዛዝ ሰጠ። አንደኛ፣ አቧራ ስለሚገድለው ማንም ሰው ጫማውን ሳያወልቅ አይግባ። ሁለተኛ፣ የራዲዮ ሞገድ ውስጡን ስለሚያበላሽ በግቢው ውስጥ ራዲዮ እንዳይከፈት። ይህን ሲናገር ሁላችንም ወረቀት ላይ ጻፍነው። እኔም ጻፍኩት። ራዲዮዬን ቤቴ ወሰድኳት። ቢሮው ጸጥ ሲል ጊዜው የት እንደደረሰ አላውቅም ነበር፤ ምሳ ያለፈኝ ቀን ሁሉ አለ።

ስለ ኃላፊው አንድ ነገር ልናገርና ልለፈው። ገጽ ሲገልጥ ጣቱን ይልስ ነበር። ጫት የዋለበት ምላስ አረንጓዴ ነው። እኔ ስንት ጊዜ በመርፌ አጽድቼ የጻፍኩት ወረቀት ከመፈረሙ በፊት የቀኝ ጥጉ አረንጓዴ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት የቁልፎቹ መካከል የጫት እንጨት ሞልቶት ነበር አሉ። አቧራ ይገድለዋል የተባለው ይሄው ነው።

የመዝገብ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ዘበኛ የይፋት ሰው ናቸው፤ ሰላታቸውን የማያሳልፉ ሽማግሌ። ጫማ የመጠበቅ ሥራ ተጨመረባቸው።

«ያ ረቢ» አሉኝ አንድ ቀን አፍንጫቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ይዘው። «መስጊድ መስሎኝ ነበር። መስጊድ ግን እግር ታጥቦ ነው የሚገባው። እነዚህ ሳይታጠቡ ነው የሚሰግዱለት።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሙቀት፣ በተዘጋ መስኮት፣ የአሥራ አምስት ሰው ካልሲ። ሽታው ኮሪደሩን አልፎ እኔ ጋ ይደርስ ነበር። ማራገቢያዬ ከዚያ ወደዚህ ይነፋዋል።

እኔ አልገባሁም። ሽታው ነው ብዬ አውርቼ ነበር፤ ሽታው ብቻ አልነበረም። ተረከዜ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቆላ ነውና ደረቁ ነፋስ እንደ በጋ መሬት ነው የሰነጠቀው፤ አንዳንዴም ይደማል። የተሸፈነ ጫማ ነበር የማደርገው፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት። ያን ተረከዝ በሰው ፊት ከማወጣ እጄ ቢቆረጥ እመርጥ ነበር። ይህን የምታውቀው ልጅቷ ብቻ ናት፤ ቅባት የገዛችልኝ እሷ ነበረች።

ከፋሲካ በኋላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የአሠራር ለውጥ መጥቷል፤ የታይፒስት መደብ ተሰርዟል፤ በምትኩ አንድ የኮምፒውተር ጸሐፊ ብቻ ይኖራል። ከወር በኋላ ፈተና ይሰጣል፤ ያለፈው ደብረ ብርሃን ሄዶ ሠልጥኖ ይመለሳል። ያላለፈው ምን እንደሚሆን አልተጻፈም። እናቴ ከኔ ጋር ነበረች፤ ሌላ ሰው አልነበራትም። ያ ወንበር የሁለታችን እንጀራ ነበር።

ግቢው ውስጥ ከኔ የፈጠነ ሰው እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ቁልፉ ነው። ኮምፒውተሩ የአማርኛ ታይፕ ቁልፍ የለውም፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ስትመታ ነው አማርኛው የሚወጣው። ቁልፎቹ የት የት እንዳሉ ካወቅሁ ጣቶቼ የቀረውን ይሠራሉ። ለማወቅ ግን መግባት ነበረብኝ። ለመግባት ጫማ ማውለቅ ነበረብኝ።

«ለምን ትገቢያለሽ እትዬ» አለችኝ ልጅቷ፣ ተረከዜን ባየችበት ዓይን ጫማዬን እያየች። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ነው የምውለው። በካርቶን ላይ ስዬ አመጣልሻለሁ። ቤትሽ ትለማመጃለሽ።»

«ሁሉንም ፊደል?»

«ሁሉንም። አንቺ ያስተማርሽኝን እረሳለሁ?»

በማግሥቱ አመጣችልኝ። የልብስ ሳሙና ካርቶን በምላጭ ለሁለት ተቆርጦ፣ በአንዱ ግማሽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሠራ። አራት ማዕዘኖቹ እኩል፣ ፊደሎቹ የተዋቡ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርታ አታውቅም ነበር። አቀፍኳት።

አንድ ወር ሙሉ ከሥራ ስወጣ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይዋ ከሮቢት ወንዝ ማዶ እስክትጠልቅ ካርቶን መታሁ። ራዲዮዬን አጠገቤ ከፍቼ ዜና አንባቢው የሚለውን ሁሉ እየተከተልኩ እጽፍ ነበር። መጀመሪያ ቁልፎቹን እያየሁ፣ ኋላ ፎጣ አልብሼ።

«ምነው ልጄ» ትለኛለች እናቴ፣ «ካርቶኑ ምን አደረገሽ?»

«እየጻፍኩ ነው እማዬ።»

«ፊደሉስ የታለ?»

«ጣቴ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያ እንዳይታጠብ» ትላለች። እንስቃለን። ጣቶቼ ሳሙና ሳሙና ይሸቱ ነበር፤ እንጀራ ስቆርስ ሳይቀር።

የፈተናው ቀን አዲስ ካልሲ አድርጌ ሄድኩ። ዘበኛው ጫማዬን ሲቀበሉኝ «አይዞሽ፣ አላህ ያግዝሽ» አሉኝ። ላስቲኩ ላይ ስረግጥ ካልሲዬ ተረከዜ ጋ ተያዘ፤ ስንጥቁ ክሩን ሳበው። ኃላፊው የመስኮቱ ጥግ ላይ ጉንጩ ተነፍቶ ተቀምጧል። ከዞን የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ሰዓት ይዟል። ልጅቷ የመዝገብ መደርደሪያውን ተደግፋ ቆማለች፤ ተራዋ ከኔ ቀጥሎ ነው።

ረቂቁን ሰጡኝ። ስለ ምርት የተጻፈ አንድ ገጽ። ጣቶቼን አስቀመጥኩ፣ ዓይኔን ረቂቁ ላይ ተከልኩ፣ ጀመርኩ። አንድም ጊዜ ቀና አላልኩም። የቁልፎቹ ድምፅ ከታይፕ ይልቅ የበቆሎ ፍሬ ወለል ላይ ሲፈስ ይመስል ነበር። ባለሙያው «ኧረ ሴትዮዋ!» ሲል ሰማሁት። የተሰጠኝ ጊዜ ግማሹ ሳያልቅ ጨረስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጽፌ አላውቅም።

ከዚያ ቀና አልኩ።

«መንግሥት» የሚለው «ነምግስር» ሆኗል። «ምርት» የሚለው «ንትር»። ከላይ እስከ ታች አንድ ሙሉ ገጽ።

ኃላፊው መጥቶ በትከሻዬ ላይ ተደፍቶ አየ። ትንፋሹ ጆሮዬን ነካኝ፤ እርጥብ ነበር። «ይሄ የየትኛው አገር ቋንቋ ነው?» አለና ሳቀ። አረንጓዴ ነጠብጣብ ስክሪኑ ላይ ረጨ።

«ቁልፉን እያዩ ይጻፉ እንጂ እመቤቴ» አለኝ ባለሙያው በሐዘኔታ። «እጅዎ እኮ ፈጣን ነው። ሌላ ገጽ እንስጣቸው?»

«ጊዜ የለም» አለ ኃላፊው። «ቀጣይ!»

ያን ጊዜ ነው ቁልፎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው። አራት ፊደሎች ናቸው። ካርቶኔ ላይ ኤም ባለበት እዚህ ኤን አለ፤ አር ባለበት ቲ አለ። ጎን ለጎን የተቀያየሩ። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። ልጅቷን አየኋት። እሷ ፊቴን አልነበረም የምታየው። የተቀደደውን ካልሲዬን፣ ተረከዜን ነበር የምታየው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። በሁለት ጣት፣ ቁልፉን እያየች፣ እንደ ዶሮ እየለቀመች ጻፈች። ሰዓቱ አለቀባት እንጂ ስሕተት አልነበረባትም። አለፈች።

ዘበኛው ጫማዬን ከሌሎቹ ለይተው ጥላ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር፤ አቧራውንም ጠርገውታል። «ፀሐይ እንዳያቃጥልሽ ብዬ ነው» አሉኝ። አጎንብሼ ሳደርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በዚያ ግቢ ከተደረገልኝ ነገር ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው።

ለራሴ፣ ተሳስታ ይሆናል አልኩ። ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎች ናቸው፤ ቸኩላ ይሆናል። ልጅቷም ስትሰናበተኝ እያለቀሰች «እትዬ፣ እንዴት እንዲህ ሆነ? የሰው ዓይን ነው» አለችኝ። አመንኳት ማለት ይቻላል። እሷ ደብረ ብርሃን ስትሄድ እኔን ለጊዜው መዝገብ ቤት አስቀመጡኝ። አንድ ቀን የወረቀት ማያያዣ አግራፍ ፍለጋ መሳቢያዋን ስከፍት የሳሙና ሽታ መጣብኝ። ከፋይሎች ሥር የካርቶኑ ሌላ ግማሽ ነበር። በዚያው ሰማያዊ እስክሪብቶ፤ ኤም በቦታው፣ ኤን በቦታው፣ አርና ቲም በየቦታቸው። ፊደሎቹ ላይ የጣት ወዝና የደረቀ ማንጎ ነበር። የኔን አምጥቼ ከጎኑ ገጠምኩት። የተቆረጠበት ጠርዝ አንድ ላይ ተጋጠመ። ሁለት ካርቶን ነው የሠራችው፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለኔ።

ሁለቱንም በላስቲክ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ምን እላለሁ? ተረከዜ ስለተሰነጠቀ አልገባሁም ልበል?

ስትመለስ ሽቶ ተቀብታ፣ ዲስኬት በወረቀት ቦርሳ ይዛ መጣች። ኮምፒውተር ተምራለች፤ ደብዳቤ መጻፍ ግን አታውቅም። የድሮ ደብዳቤ ትከፍትና ላዩን ቀይራ ሌላ ታደርገዋለች። ይሄን ዘዴ እዚያ አስተምረዋታል። ወረቀቱን ይዛ እኔ ጋ ትመጣለች፤ «እትዬ፣ አንብቢልኝ እስቲ።» አነብላት ነበር። አንድ ቀን ለዞን ኃላፊ የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ አመጣች። የጻፈችው ለአንድ ሠራተኛ ተጽፎ በነበረ ደብዳቤ ላይ ነው፤ የመጨረሻው መስመር አልተነካም። ላደረጉልን ድጋፍ እናመሰግናለን ካለ በኋላ «ከዚህ ድርጊትዎ ካልታቀቡ አስፈላጊው እርምጃ የሚወሰድብዎ መሆኑን እናስጠነቅቃለን» ይላል።

አየሁት። «ጥሩ ነው» አልኳት።

ኃላፊው ጣቱን ልሶ፣ ሳያነብ ፈረመ። ከሳምንት በኋላ ጩኸቱ እስከ አውራ ጎዳናው ተሰማ። ልጅቷ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ሌላ ጸሐፊ ስላልነበረ የራሷን ማስጠንቀቂያ ራሷ ጻፈችው። እንባዋ ቁልፎቹ ላይ እየወረደ፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ወደኔ አመጣችው። አነበብኩላት። ስሕተት አልነበረበትም።

በዚያው ዓመት ለቀቅሁ። አሮጌው ታይፕ በጨረታ ሲሸጥ ገዛሁትና ፍርድ ቤቱ አጠገብ በረንዳ ላይ የሰው ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። ራዲዮዬን አጠገቤ ከፈትኩ። ብዙ ዓመት ጻፍኩ፤ በየዙሪያው ኮምፒውተር ቤት እስኪከፈትና ሰው ወደኔ መምጣት እስኪተው። እናቴ በዚያ መካከል ዐረፈች። ልጅቷ አግብታ አጣዬ መግባቷን ሰማሁ። አልጠየቅሁም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ስከትፍ የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። እየበላች ስትነካካው የዋለችው ስልክ ነው፤ መስተዋቱ ወጥ ነክቶታል።

«አክስቴ፣ አንድ ሴትዮ በኔ በኩል አንቺን እየፈለገች ነው። ላንብብልሽ?»

«አንብቢ።»

«እትዬ፣ ደህና ነሽ ወይ? በስንት ሰው አስጠይቄ አገኘሁሽ። አጣዬ ነበርን፤ ቤታችን ከነዕቃው ተቃጠለ፤ አሁን ደብረ ብርሃን ነን። ልጄ ዘንድሮ ኮምፒውተር ልትማር ገባች። ጣቷን ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ ፎጣ አልብሼ፣ አንቺ እንዳስያዝሽኝ። ያለኝ ፎቶ ሁሉ ነደደ። ያኔ ታይፑ ላይ ሆነን የተነሣነው ካንቺ ጋር ካለ ላኪልኝ። ላሳያት።»

የእህቴ ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አክስቴ፣ ፎቶው አለሽ?»

ፎቶው ሳጥኔ ውስጥ ነው። የት እንዳለ ሳላይ እጄን ከትቼ ማውጣት እችላለሁ።

ተነሣሁ፤ ሁለቱን ካርቶኖች አምጥቼ የበረንዳው ሲሚንቶ ላይ በተቆረጠው ጠርዛቸው ገጠምኳቸው። «ይሄን አንሺ» አልኳት። «ላኪላት።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሷ ታውቀዋለች።»

ላከችው። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ስልኩን ታያለች። «አየችው» አለች። ቆይታ ደግሞ «እየጻፈች ነው ይላል።» በየትኛው ጣት የትኛውን እንደምትነካ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩላት። «ቆመች» አለች። «እንደገና እየጻፈች ነው።» ከዚያ ብዙ ጠበቀች። «ቆመች፣ አክስቴ።»

ካርቶኖቹን በላስቲኩ መልሼ ጠቀለልኩ። ፎቶውን አልላክሁም። ሽንኩርቴን ከትፌ ጨረስኩ።